መምህርት ታንጉት የተሸከመችው ድንጋይ

የመምህርት ታንጉትን ሞት የሰማሁት ሐሙሲት ላይ፣ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ቆሞ ሳለ ነው። የትምህርት ቤታችን መምህራን የምንጻጻፍበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ፎቶዋ ወጣ፤ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ተደርድሯል። መጀመሪያ ያሰብኩት ፎቶውን ማን እንዳነሳው ነው። ግንባሯ ተቆርጧል፤ ከኋላዋ ያለው መስኮት ደግሞ ፊቷን አጨልሞታል። እሷ ብታየው «ይህን ያነሳ ልጅ መስኮቱን አላየውም» ትል ነበር ብዬ ፈገግ ልል ስል እንባዬ ቀደመኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ምን ሆነህ ነው አሉኝ። የሥራ ባልደረባዬ ሞተችብኝ አልኳቸው። ባልደረባ ማለቱ አነሰብኝ። የሞተችው በሕይወቴ ከገጠሙኝ ሰዎች ሁሉ አብልጣ ያስደነቀችኝ ሴት ናት።

ወረታ ላይ እሷ ባዮሎጂ፣ እኔ ኮምፒውተር እናስተምር ነበር። በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ትበልጠኛለች። ስንተዋወቅ አንቱ ብላት «አንቱታው ለተማሪዎቹ ይበቃል፤ አንተ እንዲያው ታንጉት በለኝ» አለችኝ። ስለዚህ ሞታም ቢሆን አንቱ አልላትም። አጭር፣ ፈጣን፣ ቁጭ ማለት የማይሆንላት የአንበሳሜ ልጅ ነበረች። ክረምት ከበጋ አንድ አረንጓዴ ሹራብ ትለብሳለች፤ ከኪሱ ጠመኔ አይጠፋም። ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የተሰጣት ሌላ የሚፈልገው ስለጠፋ ነው። እስከዚያ ድረስ ክበቡ በዓመት አንድ ቀን ችግኝ ይተክላል፣ ግድግዳ ላይ መፈክር ይጽፋል፣ ከዚያ ይተኛል። ችግኙም ይደርቃል። ታንጉት በተረከበች በሳምንቱ ቢሮዬ መጣችና ልጆቹ አጫጭር ፊልም እንዲሠሩ እፈልጋለሁ አለችኝ። በምን ካሜራ ብዬ ሳቅሁ። ከሹራቧ ኪስ ሁለት ስልክ አወጣች። አንዱ መስታወቱ የተሰነጠቀ የራሷ ነው፤ ሌላውን ከአከራይዋ ከሐጂ ሰይድ ተውሳዋለች። ሐጂ ገበያው ዳር ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ከተማው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ሦስተኛው ያንተ ነው አለችና እጇን ዘረጋች። እንዴት እንደሰጠኋት እስካሁን አላውቅም።

የስልክ ማቆሚያ አልነበረንም። ከሩዝ መፈልፈያ ቤት ቅርፊት ለምና አመጣችና ትናንሽ ከረጢት እየሰፋች ሞላችበት። ስልኩ ከረጢቱ ላይ ሲያስደግፉት እንደ ሕፃን ተደላድሎ ይቀመጣል። እኔ የብረት ማቆሚያ የት እንደሚሸጥ ሳጠያይቅ እሷ ለሁሉም ልጅ ሰፍታ ጨርሳ ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርት ላይ ግን ስልክ የሚባል አልነበረም። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ላይ የተኛው ውኃ መሸሽ ሲጀምር፣ ልጆቹን ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የሩዝ ማሳ ዳር አስቀመጠቻቸው። ግማሽ ቀን ዝም ብላችሁ እዩ፣ ያያችሁትን ጻፉ አለቻቸው። አንዱ ልጅ «ምንም የለም» ብሎ ጽፎ አመጣ። አልተቆጣችም። በል ነገ ስልኩን ይዘህ ሂድና ይሄንኑ የሌለውን ነገር ቅረጽልኝ አለችው። የቀረጸው የአንድ ደቂቃ ምስል አሁንም ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። ከማሳው የሚወጣ ቀጭን ውኃ ይታያል፤ ላዩ ላይ ከውኃ ሞተር የፈሰሰ ዘይት ያብለጨልጫል፤ አንዲት ትንኝ ዘይቱ ላይ ለመቆም ትታገላለች። እኔ በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ። አንድም ቀን አላየሁትም።

ሁሉም ልጆች ስለ እምቦጭ መሥራት ፈለጉ፤ ቴሌቪዥን የሚያሳያቸው እሱን ነዋ። እምቦጩ ጣና ላይ ነው፣ እናንተ ደግሞ ጣና ላይ አትኖሩም አለቻቸው። ከየደጃችሁ የሚወጣውን ውኃ ተከተሉና የት እንደሚደርስ አሳዩኝ አለች። አንዷ ልጅ የቆሻሻ ክምር ቀርጻ ከሥሩ የሚያላቅስ ማሲንቆ ጨመረችበት። ታንጉት እስከ መጨረሻው አየችና «ሙዚቃው አልቅሶ ጨረሰው፤ ተመልካቹ ምን ይሥራ?» አለች። ከዚያ ወዲህ የክበቡ ፊልም ሁሉ ድምፁ የቦታው ድምፅ ብቻ ሆነ። የልጆቹን ሥራ ስታይ መዳፏን አፏ ላይ ትከድናለች፤ እስኪያልቅ አታነሳውም። ልጆቹ ወደደችው ጠላችው ብለው ፊቷን እንዳያነቡ ነው።

ሁለት ሕግ ነበራት። አንደኛው፣ ያልሠራችሁለትን ሰው አትቀርጹም የሚል ነው። የሩዝ አራሚ ለመቅረጽ የሚሄድ ልጅ መጀመሪያ ግማሽ ቀን አብሮ ያርማል። ልጆቹ ወገባቸው ተቆርጦ ሲመለሱ እኔ እስቅ ነበር። ፊልማቸውን ሳይ ግን ሳቄን እውጣለሁ። ወገቡ የተቆረጠ ልጅ የሚቀርጸው ገበሬና በመኪና አልፎ የሚቀርጸው ገበሬ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ሕግ የጠነከረ ነው። ፊልሙን መጀመሪያ የሚያየው የተቀረጸው ሰው ነው፤ ቤቱ ተሂዶ ይታይለታል። አይሆንም ካለ ፊቱ ይጠፋል። አንዲት ጠላ ሻጭ ከቤቷ የሚወጣውን ፍሳሽ አይታ ይህን ሰው እንዲያይብኝ አልፈልግም ብትል፣ ታንጉት የሦስት ሳምንት ሥራ እዚያው አጠፋችው። የሠራው ልጅ ሁለት ቀን አላናገራትም። አጥፊ እያልን የምናሳየው ሰው ጎረቤታችን ነው፣ ፊልሙ ሲያልቅ እሱ አብሮን ይኖራል ትለን ነበር።

ትርንጎ የቁሐር ሚካኤል ልጅ ነበረች፤ አሥረኛ ክፍል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ወረታ ቤት ተከራይታ ትማራለች፣ ቅዳሜ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ካላናገሯት የማትናገር ልጅ ናት። ከደጇ የሚወጣውን ውኃ ተከተለች፤ ውኃው በአባቷ የሽንኩርት ማሳ አልፎ ወንዝ ገባ። አባቷ አያ ሞላ ይባላሉ። ልጆቹ አንድ ሙሉ ቀን አብረዋቸው ሽንኩርት ሲኮተኩቱ ስለዋሉ ይቅረጹኝ ብለው ደስ እያላቸው ፈቀዱ። ፊልሙ «ንቦቹ የት ሄዱ» ይባላል፣ አራት ደቂቃ ነው። ከጎረቤት ቀፎ ሥር የረገፈ ንብ ያሳያል። ከዚያ አያ ሞላ መርጫውን አዝለው ሽንኩርቱን መድኃኒት ይረጫሉ። ጨርሰው መርጫውን ወንዙ ውስጥ ያጥባሉ። ትንሽ ዝቅ ብሎ አንዲት ሴት ከዚያው ወንዝ በጀሪካን ውኃ ትቀዳለች። የሚናገር ሰው የለም። 

ፊልሙ ያለቀው ሐሙስ ነው። ታንጉት እሑድ ቁሐር ሄዳ ለአያ ሞላ ልታሳያቸው አስባ ነበር። ዓርብ ግን ከዞን እንግዶች መጡ። ርዕሰ መምህሩ የሚታይ ነገር አለ ወይ አለኝ። ታንጉትን ጠየቅኳት። ባለቤቱ አላየውም፣ አይሆንም ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

እኔም አዳራሽ ውስጥ፣ ተማሪው በተሰበሰበበት አሳየሁት። ምክንያት ልደረድር እችላለሁ። እንግዶቹ ቸኩለው ነበር፣ ርዕሰ መምህሩ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር፣ አያ ሞላን እዚህ ማን ያውቃቸዋል ብዬም ነበር። እውነቱ ግን እንድመሰገን ፈልጌ ነው። ታንጉት ድምፁን ሰምታ አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ አያ ሞላ ወንዙ ውስጥ መርጫቸውን ያጥባሉ፤ ተማሪው «ኧረ!» እያለ ያጉረመርማል። ትርንጎ በመካከል አንገቷን ደፍታለች። ታንጉት እኔን አየችኝ። ከዚያ ሄዳ ትርንጎ አጠገብ ተቀመጠች።

አንዳንዶቹ ተማሪዎች ስክሪኑን በስልካቸው ቀርጸውት ኖሯል። ቅዳሜ ማለዳ አያ ሞላ ሽንኩርታቸውን ጭነው ገበያ ሲደርሱ ምስላቸው ቀድሟቸዋል። ገዢ ሁሉ አልፏቸው ሄደ። አንዷ ሴት ለሌላዋ መርዙ ሰውዬ እሱ ነው ስትል በጆሯቸው ሰሙ። ጎረቤታቸው ባለቀፎው ንቦቼን የጨረስህ አንተ ነህ ብሎ ደጃቸው ድረስ መጣ። ሰኞ የትርንጎ ወንበር ባዶ ሆነ። አባቷ የቤቱን ገበና አደባባይ ያወጣች ልጅ ከእንግዲህ ትምህርት የላትም ማለታቸውን የአገሯ ልጆች ነገሩን። ይህ ቀልድ አይደለም። እዚያ አገር ከአሥረኛ ክፍል ቤት የቀረች ልጅ በዓመቱ ትዳራለች።

እኔ ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ይጻፍ አልኩ። ታንጉት አልሰማችኝም። ለሐጂ ሰይድና ለአያ ሞላ ሰበካ ቄስ ነገረች፤ ሁለቱም ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱላት ፈቀዱ። አንተም ና አለችኝ። ማን እንዳሳየው ግን ለማንም አልተናገረችም።

በማግስቱ ከሰዓት ሁለት ባጃጅ ተከራይተን ልንነሳ ስንል ቆይ አለችና ከመንገዱ ዳር ወዳለው የድንጋይ ክምር ሄደች። አንዱን አንስታ መዝና ጣለችው። ሌላውን አነሳች፣ ቀለላት መሰለኝ፣ ጣለችው። በመጨረሻ እንደ ዳቦ የሰፋ ጥቁር ድንጋይ በሁለት እጇ ታቅፋ መጣች። ባለባጃጁ ለምድጃ ነው ወይ አላት። የፎገራ ሜዳ ደለል መሆኑ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ቁሐር ላይ የተዘራ ሁሉ ይበቅላል፣ ለይቅርታ የሚሸከሙት ድንጋይ ግን አይገኝም። ይህን ቀድማ ያሰበች እሷ ናት። ልያዝልሽ አልኳት። አይሆንም አለች፤ መንገዱን ሁሉ ጭኗ ላይ አድርጋው ሄደች።

አያ ሞላ ደጅ ላይ ተቀምጠው መርጫቸውን ይጠግኑ ነበር። ትርንጎ ከበሩ ኋላ ቆማለች። ታንጉት አጥሩ ጋ ስትደርስ ነጠላዋን አደገደገች፣ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አስቀመጠች፣ ጎንበስ ብላ ገባች። ባዮሎጂ የምታስተምር፣ ዲግሪ ያላት፣ በከተማው የምትከበር ሴት ናት። ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

«አያ ሞላ፣ ሳያዩትና ሳይፈቅዱ ምስልዎን አደባባይ አውጥተናል። ክበቡ የኔ ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ልጅዎ የለችበትም።»

ሐጂና ቄሱ ስለ ፈጣሪ ይበሉ እያሉ መለመን ጀመሩ። አያ ሞላ መርጫቸውን አላስቀመጡም።  እኔ ከሐጂ ኋላ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ቢወጣኝ ድንጋዩ ወደ እኔ ይዞር ነበር። ፈራሁ፤ አልወጣኝም።

«ያ የታየው ነገር ሐሰት ነው?» አሉ አያ ሞላ።

ሐጂ አዎ በይ ሊሏት በዓይናቸው ጠቀሷት። ታንጉት አንገቷ በድንጋዩ እንደተጫነ መለሰች።

«ሐሰትስ አይደለም፤ እውነት ነው። ግን የርስዎ እውነት ነው። ለሰው መንገር የሚገባኝ እኔ አልነበርሁም።»

አያ ሞላ ተነሱና ድንጋዩን ራሳቸው ከማጅራቷ አወረዱት። «ይቅር ለእግዜር፣ እታለም» አሉ። «ልጅቱ ትመለስ። ግን ያን ነገር ጎዶሎ አድርጋችሁ አሳይታችሁታል። የቀረውን እኔ እናገራለሁ፤ ስልካችሁን አምጡት።»

ታንጉት ስልክና አንድ ከረጢት ይዛ መጥታ ኖሯል። ይቅርታው ባይሳካ ምን ልታደርጊበት ነበር ብዬ ኋላ ስጠይቃት፣ ለትርንጎ ልተውላት ነበር አለችኝ።

አያ ሞላ ሲናገሩ አልተቸኮሉም። ዓምና ትል ሽንኩርታቸውን ጠራርጎ እንደበላው ተናገሩ። «ይህን ርጭ ተባልሁ፣ ረጨሁ። ሻጩ በቆርኪ እየለካ ሰጠኝ። ዕቃው ላይ የተጻፈውን እኔ አላነበውም። ወንዝ አትጠብ ያለኝ የለም» አሉ። ከዚያ ሳይጠየቁ ሸሚዛቸውን አወለቁና ጀርባቸውን አዞሩ። መርጫው ከሚያርፍበት ቦታ ቆዳቸው ተልጧል፤ ከፊሉ ጠቁሯል፣ ከፊሉ ገና ያዣል። ስልኩን የያዘችው ትርንጎ ናት። የአባቷን ጀርባ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ስልኩ ወደ ጎን ዘመመባት።

ታንጉት ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አለች። «ስልኩን ከረጢቱ ላይ አሳርፊው። አንቺ አባትሽን እዪ።»

ልጅቱም ስልኩን አሳረፈችና አየች። ምስሉ አይናወጥም፤ የሚሰማው የእሷ ልቅሶ ብቻ ነው። ያን ልቅሶ ታንጉት አላስቆረጠችም።

አዲሱን ፊልም አያ ሞላ ቤታቸው ውስጥ ሁለት ጊዜ አዩትና ይታይ አሉ። ያሳየነው እዚያው ቁሐር፣ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቶቹን በማዳበሪያ ጋርደን፣ አንሶላ ወጥረን። ሰው እስከ በሩ ሞልቶ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ማዳበሪያውን ላነሳ ስል ባለቀፎው ጎረቤት ከኋላ ተነሳ። የእኔም መርጫ የሚታጠበው እዚያው ነው አለ፤ ተቀመጠ። ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ አንዲት ሴት፣ ከዚያ ሌላ። አንዱ ሸሚዙን ገልጦ ትከሻውን አሳየ። ታንጉትን አየኋት። መዳፏ አፏ ላይ ነበር፤ እንባዋ በጣቶቿ መሐል ይወርዳል።

ከዚያ ወዲህ ከወንዙ ርቆ የመርጫ ማጠቢያ ጉድጓድ ተቆፈረ። ሁሉም ይጠቀሙበታል ብል እዋሻለሁ። አያ ሞላ ግን ይጠቀሙበታል፤ ሽንኩርታቸውም ገዢ አገኘ። ትርንጎ ተመለሰች፤ አሁን ባሕር ዳር ሁለተኛ ዓመቷን ትማራለች።

ከቁሐር ስንመለስ ለምን ስሜን አልጠራሽም ብዬ ታንጉትን ጠየቅኳት። አንገቷን እያሸች ነበር። አንተን ብጠራ ክርክር ይሆን ነበር፤ ልጅቱ ደግሞ ነገ ክፍል መግባት አለባት አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን አያ ሞላን ገበያ ላይ ባየኋቸው ቁጥር በሌላ መንገድ እዞር ነበር። ስንት ዓመት ዞርኩ።

ቀብሯ አንበሳሜ ነበር። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አያ ሞላን ከነትርንጎ አየኋቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የምዞርበት መንገድ አልነበረም። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«አያ ሞላ፣ ያን ፊልም ያሳየሁት እኔ ነኝ። እሷ አይሆንም ብላኝ ነበር።»

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። እሷማ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። አያ ሞላ ቀና ብለው አዩኝ።

«አውቃለሁ፣ መምህር» አሉ። «ድንጋዩ እሷ ላይ ነበር። ያላበህ ግን አንተ ነበርህ።»

ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።